ተመልሰው ያልመጡት

ጎረቤቴ ጋሽ ይውጣልህ ዓይናቸውን ሊታዩ ሲወጡ አብሬያቸው የሄድኩት መንገድ ሲሻገሩ መኪና እንዳይገጫቸው ብዬ ነው። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። «እስቲ እኔም ልታይ» ብዬ ነው የወጣሁት። ሰባ አራት ዓመት የሞላው ሰው «ልደግፍዎት» ሲባል ደስ አይለውም፤ ጋሼ ደግሞ ከሌላው ሽማግሌ ሁሉ የባሱ ናቸው።

ስማቸው ይህ አይደለም። ሰፈሩ ነው ያወጣላቸው። ሙያቸው ሥነ ልቦና ነው፤ የምክር ክሊኒክ ከፍተው ዕድሜ ልካቸውን ሠርተውበታል። አደጋ የደረሰበት፣ ሐዘን የከበደው፣ ድንጋጤ እንቅልፍ የነሳው ሰው ሲመጣ ገና እንደተቀመጠ፣ «ተናገረው ልጄ፣ ሁሉንም ዛሬውኑ አውጣው፣ ይውጣልህ» ይሉታል። ድምፃቸው ወፍራም ስለሆነ በመስኮቱ ሥር የሚያልፍ ሁሉ ይሰማቸዋል። ስሙ በዚያው ቀረ፤ እሳቸውም አልጠሉትም። እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ሰው በሚያወራበት ጣልቃ መግባት የማይለቀኝ አመል ነው።

የመነጽር ቤቷ ጠባብ ናት። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ፍሬሞች ተደርድረዋል፤ ሦስት ወንበርና አንድ ክብ መስታወት አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ዓይን የሚለካበት ክፍል፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌንስ የሚሞረድበት ማሽን ይጮሃል። ገና ከመግባታችን አንዲት ከግንባሯ በላይ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ያደረገባት ሴት ከወንበሯ ተነሥታ ጋሼን አቀፈቻቸው።

«ተመልከታት» አሉኝ ጋሼ፣ ፊታቸው በርቶ። «ይህችን ልጅ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች ተቀብዬ ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ። አሁን ክሊኒኩን የምትመራልኝ እሷ ናት። ምነው፣ አንቺም ዓይንሽ ደከመ እንዴ?»

«ለንባብ ነው ጋሼ። ከአሁን በኋላ ብዙ ማንበብ ሳይኖርብኝ አይቀርም።»

«ምን ልታነቢ ነው?»

«በዚህ ሳምንት ቤትዎ ልመጣ አስቤ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎኛል። ዶክትሬት ልጀምር ነው፤ በሥነ ልቦና፣ በምርምር።»

ጋሼ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ አባት ልጁ የማይሆን ጫማ አድርጋ ሲያያት የሚስቀው ዓይነት ነው።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አርባ ዘጠኝ።»

«የልጆችሽን ምረቃ በምትጠብቂበት ሰዓት አንቺ ጋውን ልታሰፊ? ደግሞስ ሃያ አራት ዓመት የሠራሽበትን ማን ሊያስተምርሽ ነው? አማካሪሽ ማን ነው?»

«አንድ ዶክተር ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው።»

«ጉድ ነው እቴ። አንቺ ሥራ ስትጀምሪ ይሄ ልጅ ብይ ይጫወት ነበር እኮ!»

«እሱም አልደበቀኝም። ‹ሰው ማከሙን እርስዎ ያስተምሩኛል፤ ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ ደግሞ እኔ አግዝዎታለሁ› ነው ያለኝ።»

«‹አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች› ሲባል አልሰማሽም?»

«አጥቤው ይሆን ብዬ ፈርቼ እኮ ነው የምማረው» አለች እየሳቀች።

እኔም አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ‹ከመጠምጠም መማር ይቅደም› የሚባልም አለ» አልኩ።

«እሷ እኮ ጠምጥማ ጨርሳለች!» አሉና ወደኔ ዞሩ። «ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ጠምጥማ ስታበቃ ፊደል ልቁጠር ትላለች። ሰው ምን ይላል? ‹እስከ ዛሬ ሳታውቅ ነው የምታክመን?› አይልም?»

እንግዲህ እዚህ ላይ አንባቢዬ ጋሼን እንዳይቀየማቸው እለምናለሁ። እንዲህ የሚያስበው አብዛኛው ሰው ነው፤ እኔም ብሆን አስተማሪ ሳለሁ ሽበት ያለው ተማሪ ክፍሌ ቢገባ መንገድ የጠፋበት ወላጅ ይመስለኝ ነበር። ትምህርትን ለልጅነት ብቻ የተሰጠ፣ እንደ ኩፍኝ አንዴ ይዞ የሚለቅ ነገር አድርገን እናየዋለን። ያደገ ሰው፣ ያውም ሙያ ያለው፣ ሲማር ካየን ጉድለቱን ያመነ ስለሚመስለን እናፍርለታለን።

ባለሙያዋ ግን አልተቆጣችም። «ይህ እንደ ድሮው ክፍል ገብቼ ትምህርት የምሰማበት አይደለም ጋሼ» አለች። «አንድ ጥያቄ ይዤ እገባለሁ። ለጥያቄው ማስረጃ እሰበስባለሁ። መልሱ የማልወደው ቢሆን እንኳ ያገኘሁትን እጽፋለሁ፤ ያልተስማማ መጥቶ ይሞግተኛል። ሥራዬንም አልለቅም፤ ጠዋት ክሊኒክ፣ ከሰዓት ምርምር። አምስት ዓመት ይፈጃል።»

«አምስት ዓመት! ከዚያ ጡረታሽ ስንት ሊቀረው?»

«ስድስት ዓመት። በስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ሰው እዚያ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ከእርስዎ የበለጠ ማን ያውቃል? ደግሞም ከሥሬ ያሉት ልጆች እኔ ያልኩትን ነው የሚደግሙት። የተሳሳትኩት ነገር ካለ እኔ ጡረታ ብወጣም ስህተቱ ሥራ ላይ ይቆያል።»

ጋሼ አገጫቸውን አሹ። ይህኛው ትንሽ የገባቸው መሰለኝ። «እሺ፣ ጥያቄሽስ ምንድን ነው?»

የቦርሳዋን ማንገቻ ጨበጥ አደረገች። «ተመልሰው ስላልመጡት ሰዎች ነው።»

«ያልተመለሰማ ድኗላ!» አሉ ጋሼ ሳያስቡት።

ይህ የክሊኒኩ አባባል ነው። አንድ ሰው አንዴ መጥቶ ተናግሮ፣ አልቅሶ ሄዶ በዚያው ሲቀር፣ እዚያ ቤት «ድኗል» ነው የሚባለው። ያመመው ይመለሳል፣ ያልተመለሰ ድኗል። ጋሼ ይህን ለሠለጠኑት ሁሉ ነግረዋል፤ የሠለጠኑትም ለተከታዮቻቸው። እኔም ስሰማው ኖሬ ትክክል መስሎኝ ነበር፤ ማን ነው ጤነኛ ሆኖ ሐኪም ቤት የሚመላለስ?

«ድነው ይሆናል» አለች። «ግን ጠይቀን አናውቅም። በልምድ የማውቀው ተመልሶ የመጣልኝን ሰው ነው። በሩን ወጥቶ የቀረው ቤቱ ገብቶ ምን እንደሆነ አላውቅም። ከምንቀበለው ሰው ደግሞ የሚበዛው እሱ ነው። ምርምሬ እነዚህን ሰዎች ፈልጎ ‹ከዚያ ቀን በኋላ እንዴት ነዎት?› ብሎ መጠየቅ ነው። ለዚህ የእርስዎ ፈቃድ ያስፈልገኛል። ክሊኒኩን የመሠረቱት እርስዎ ስለሆኑ፣ ያለ እርስዎ ፈቃድ ዩኒቨርሲቲው ርዕሱን አያጸድቅልኝም። እስከ አርብ መልስ ስጪ ብለውኛል።»

የጋሼ ፊት ተለወጠ። ሳቁም አባትነቱም ከላዩ ሲነሣ አየሁት።

«እኔን ልታስመረምሪኝ ነው?»

«እርስዎን ብቻ አይደለም። ‹ይውጣልህ› ስል የኖርኩት እኔም ነኝ።»

«እኔ ነኛ ያስተማርኩሽ!» ድምፃቸው ከፍ አለ። «አንቺ ዶክተር ተብለሽ ትወጪያለሽ፤ እኔ ደግሞ በስተርጅናዬ የማይረባ ዘዴ ሲያስተምር የኖረ ሰው ተብዬ እቀራለሁ። ያን የአውቶቡስ ሹፌር ረሳሽው? ተሳፋሪ ካለቀበት በኋላ መሪ ሲያይ እጁ የሚንቀጠቀጠውን? አንድ ቀን መጣ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገረ፣ አለቀሰ፣ እጄን ስሞ ሄደ። በቃ፣ አንድ ቀን! ከዚያ ወዲህ ዓይኑንም አላየሁት። ይህ ያልዳነ ማን ሊድን ነው?»

ይህን ታሪክ እኔም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። በየሰርጉና በየለቅሶው የሚነግሩት የሥራቸው ዘውድ ነው። ሴትየዋ ወለሉን አየች።

«ስለ እሱ እዚህ ባንነጋገር ይሻላል» አለች ቀስ ብላ።

«ደግሞስ የተኛን ሰው ቁስል መነካካት ምን ይባላል? ረስቶ የተቀመጠውን ቤቱ ድረስ ሄደሽ ልትቀሰቅሺው?»

«መጀመሪያ ‹ብንጠይቅዎት ይፈቅዳሉ ወይ?› ይባላል። አልፈልግም ያለ ይተዋል፤ ለምን እንኳ አይባልም። መነካካት ያሉት ነገር ግን እውነት ነው፤ እሱን አጥብቄ አስብበታለሁ።»

«አልፈቅድም» አሉ ጋሼ። «ሌላ ጥያቄ ፈልጊ።»

አንገቷን ደፋች። አልተከራከረችም፤ ከማኩረፍ ይልቅ ያ ዝምታዋ ነው ያሳዘነኝ። በጉልበት ብትገፋቸው ኖሮ ቢያንስ የሚቆጡበት ያገኙ ነበር። የምታከብረውን ሰው ላለማስቀየም ብላ ጥያቄዋን ልትቀብር እንደሆነ ታየኝ።

በዚህ መሀል መነጽር ሠሪው መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ፣ «አባት፣ ይግቡ» አለ። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ መጋረጃውን አልዘጋውም፤ ከውጭ ሆነን እንሰማለን። ጋሼ ከኪሳቸው አንድ መነጽር አወጡ። ቡናማ ፍሬም ያለው፣ ጭረት የሌለበት፣ አዲስ የሚባል ነው።

«ይህን ማን ሠራልዎ?»

«አደባባዩ ጋ ያለው ልጅ ነው። ካሠራሁት ዓመት አለፈው። ሳደርገው ራሴን ያዞረኛል፤ ደረጃ ስወርድ መሬቱ ሽቅብ የሚመጣብኝ ይመስለኛል። ሦስት ቀን ሞክሬው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።»

«ታዲያ ለምን ወደ እሱ አልተመለሱም? ይህ እኮ በነፃ የሚስተካከል ነው።»

«ኧረ እንዴት ብዬ?» አሉ ጋሼ። «ልጁ ትሑት ነው፤ በስንት አክብሮት ነው ያስተናገደኝ። ወንበር አቀረበልኝ፣ እስከ በር ሸኘኝ፣ ‹እንዴት አምሮብዎታል!› አለኝ። ሄጄ ‹ሥራህ አልረባኝም› ልበለው? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። አሁን እንኳ በሱቁ ፊት ላለማለፍ በወዲያኛው ጠርዝ ነው የመጣሁት።»

አዎ፣ መንገዱን ሁለቴ ያሻገሩኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሴትየዋን አየኋት። ሰምታለች፤ ግን ከንፈሯን ነክሳ የመስታወት ሣጥኑን ታያለች። ጨዋ ናትና የመምህሯን ቃል ይዛ አትመልስባቸውም። እኔ ግን ጨዋነቴ ያን ያህል አይደለም።

«ጋሼ» አልኩ ከወንበሬ ሳልነሣ፣ «ያ ልጅ እርስዎ ተመልሰው ሳይሄዱ ሲቀሩ ምን ያለ ይመስልዎታል?»

«ምን ይላል፣ ተስማምቷቸዋል ነዋ የሚ…»

አልጨረሱትም። መነጽር ሠሪው ነገሩ ባይገባውም ሌንሱን በእጁ እንደያዘ ቆመ። ጋሼ ከመመርመሪያው ወንበር ላይ ወደ እኛ ዞሩ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሷ። አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ ስለነበር በአንዱ ብቻ ነው ያዩዋት። እኔም በቀልዴ ተጸጸትኩ፤ ሽማግሌ በገዛ አፉ ሲያዝ ማየት የመሰለኝን ያህል አያስቅም።

«ሹፌሩን አግኝተሽዋል፣ አይደል?» አሏት።

«አግኝቼዋለሁ፤ መንገድ ላይ በአጋጣሚ።»

እኔ ልወጣ ብድግ ስል፣ «ተቀመጥ» አሉኝ። «ታሪኩን ስንት ጊዜ አሰልችቼሃለሁ፤ መጨረሻውንም ስማው። ካልከለከለሽ።»

«አልከለከለኝም። ስሜ ካልተጠራ ለማንም ይነገር ነው ያለው።» መነጽር ሠሪው ነገሩ እንደከበደ ገብቶት ማሽኑን አጥፍቶ ወደ ጓሮ ወጣ። «ከዚያ ወዲህ መሪ አልያዘም ጋሼ። ያን ቀን ሁሉንም በአንዴ ሲናገረው ተመልሶ እዚያ አውቶቡስ ውስጥ የገባ ነው የመሰለው። ለብዙ ጊዜ እንቅልፍ አልነበረውም። ‹ለምን ተመልሰህ አልነገርከንም?› አልኩት። ‹ጋሼ ሲሸኙኝ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር፤ ሄጄ ላሳዝናቸው አቃተኝ› አለኝ።»

ጋሼ የዓይናቸውን መሸፈኛ በቀስታ አወለቁ። በጣም አዘንኩላቸው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ በየስብሰባው አወራሁት እኮ» አሉ። «እንግዲያው ዘዴዬ ሰው ጎድቷል ማለት ነው።»

«እሱን አላልኩም» አለች ፈጥና፣ ሄዳም ከጎናቸው በርከክ አለች። «ይህ አንድ ሰው ነው ጋሼ። በአንድ ሰው ተነሥቼ ዘዴው መጥፎ ነው ካልኩ፣ በዚያው ሰው ተነሥተው ጥሩ ነው ካሉት ከእርስዎ በምን ተሻልኩ? ምናልባት መቶ ሰው ጠቅሞ አሥር ጎድቶ ይሆናል፤ ምናልባትም ተቃራኒው ነው። የትኛውን ሰው እንደሚጠቅም፣ የትኛውን እንደሚጎዳ፣ በምን ሰዓት እንደሆነ እርስዎም አያውቁትም፣ እኔም አላውቀውም። አለማወቄን ካወቅሁ ወዲህ ደግሞ ‹ይውጣልህ› ማለት አፌ ላይ ይከብደኛል። ትምህርቱን የፈለግሁት ለማዕረጉ አይደለም። ነገ ጠዋት ለሚመጣው ሰው ምን እንደምለው ጨንቆኝ ነው።»

ጋሼ መነጽራቸውን እያገላበጡ ብዙ ቆዩ።

«ፈቅጃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እስከ አርብም አትጠብቂ፤ ነገ ነይና ልፈርምልሽ።»

ሴትየዋ እጃቸውን ልትስም ስትል ነጠቋት። እሷም ከደስታዋ ብዛት፣ «እንግዲያው ጋሼ፣ ለሰዎቹ እርስዎ ራስዎ ቢደውሉላቸው እንዴት ደስ ይላቸው ነበር» አለች።

«አይሆንም!» አሉ። «እኔ ከደወልኩማ ‹ደህና ነን ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን› ይሉኛል እንጂ እውነቱን ይነግሩኛል? አንቺም አትጠይቂ፤ አንቺንም ያውቁሻል። የማያፍሩት፣ ፈጽሞ የማያውቁት ሰው ይጠይቃቸው። ደግሞም ‹ዳናችሁ ወይ?› ተብሎ አይጠየቅም፤ እንደሱ ከተባለ ይሉኝታው አዎ ያሰኛቸዋል። ‹እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ሥራ ይሄዳሉ?› ይባል።»

አፏን ከፍታ አየቻቸው። «ይህን እኮ አማካሪዬ ለእኔ እስኪያስረዳኝ አንድ ወር ፈጀበት።»

«ብይ ሲጫወት ከርሞ ነዋ» አሉ ጋሼ፤ ሦስታችንም ሳቅን።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ባለሙያዋ ትምህርቷን ገና አልጨረሰችም። እስካሁን የተሰማውን ግን እዚህ ብጽፍ ለብዙ ሰው የሚጠቅም ይመስለኛል። ተፈልገው ከተገኙት መሀል በመናገራቸው ቀሏቸው በዚያው የተሻላቸው አሉ፤ ጥቂት አይደሉም። ገና ድንጋጤው ሳይለቃቸው እንዲናገሩ በመገፋታቸው የባሰባቸውም አሉ። ስለዚህ በክሊኒኩ ዛሬ ማንም «ይውጣልህ» አይባልም፤ «ዛሬ መናገር ይፈልጋሉ ወይስ ዝም ብለን እንቀመጥ?» ነው የሚባለው። ሄዶ የቀረውን ሰው የማያውቀው ሰው ደውሎ ይጠይቀዋል፤ «አልተስማማኝም» ያለውም ይመሰገናል። ወጣቶቹ አማካሪዎች አለቃቸው ከሰዓት በኋላ መጽሐፍ ይዛ ስትወጣ እያዩ፣ አላውቅም ማለት ከሙያ ጉድለት እንደማይቆጠር ተምረዋል። ሹፌሩም በራሱ ፈቃድ ተመልሶ መጥቷል። መሪ ገና አልያዘም፤ ግን ታክሲ ውስጥ ከሚነዳው ሰው ጎን ባለው የፊት ወንበር ተቀምጦ ሥራው ይሄዳል። ሃያ ዓመት በእግሩ ነበር የሚሄደው።

አንባቢዬ ሆይ፣ ሙያህን ለረጅም ጊዜ ይዘኸው ከሆነ ልምድህን አትናቅ፤ ምርምር የሚያስፈልገውን ጥያቄ የሚወልደው እሱ ነውና። ይህች ሴት ሃያ አራት ዓመት ባትሠራ ኖሮ ጥያቄዋ አይመጣላትም ነበር፤ ተነሥታ ባትማር ደግሞ መልሱ አይመጣም ነበር። ሽበት አለብኝ ብለህ አትፈር።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ያለቀሱ ይመስላሉ። ደንግጬ ምን እንደሆኑ ብጠይቃቸው፣ ከዚህ በፊት ለኔም ለማንም ያልተናገሩትን ነገሩኝ። ከብዙ ዓመት በፊት ልጇ የሞተችባት እናት መጥታ ነበር። እንደ ልማዳቸው «ይውጣልሽ» ሲሏት ተነሥታ ሰደበቻቸው፤ ወንበሩን ገፍትራ፣ በሩን ድርግም አድርጋ ሄደች። ሳትመለስ ቀረች። ስለ ሌላው ሁሉ «ያልተመለሰ ድኗል» ሲሉ፣ ስለ እሷ ግን «የጎዳኋት እኔ ነኝ» ብለው በልባቸው ይዘዋት ኖረዋል።

«ታዲያ አሁን ምን ተገኘ?» አልኳቸው።

«ተጠይቃ ተናገረች። ለእሳቸው ንገሯቸው ብላ ፈቅዳለች።» መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «ልጇ ከሞተች በኋላ ሰው ሁሉ ሲያባብላት፣ ሰው ላይ መቆጣት የቻለችው ያን ቀን እኔ ላይ ነው አሉ። ቤቷ ገብታ ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ‹እኔን ያተረፈኝ ያ ቀን ነው፤ ስለ ሰደብኳቸው አፍሬ ነው ያልተመለስኩት› አለች።»

ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ጋሼ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«አየህ» አሉኝ፣ «ያቺ ልጅ ባትማር ኖሮ ይህን ሳላውቅ ልሞት ነበር።»